ዕድሜውን ተዉት፣ በርሜሉን ጠይቁ

ስለ ውስኪ ምክር የሚሰጥ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመክረው ራሱ የሚወደውን ነው። ጭስ ጭስ የሚለውን የለመደ ሰው ጀማሪውን በመጀመሪያው ቀን ጭስ ውስጥ ይከተዋል፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ ከመደርደሪያው ጫፍ ውዱን ያወርድለታል። ጀማሪው የተሰጠውን ተጎንጭቶ፣ ፊቱን አኮማትሮ፣ ለትሕትና ያህል «ጥሩ ነው» ይልና ወደ ቢራው ይመለሳል። ውስኪ አልወድም የሚሉኝን ሰዎች ጠጋ ብዬ ስጠይቃቸው፣ አብዛኞቹ የጠሉት አንድ ጠርሙስ ነው። የቀሩትን አልቀመሷቸውም።

የምኖረው ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ ነው። እዚህ በመኖሬ ብቻ በዘመድ አዝማድ ዘንድ የውስኪ ሊቅ ተደርጌ እቆጠራለሁ። ከአዲስ አበባም ከዋሽንግተንም ይደወላል፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ «ጥሩ ስኮች የትኛው ነው?» ለሠርግ ይሁን፣ ለአማች ይሁን ወይስ ለራስ የሚናገር የለም። የሚጠጣው ሰው እስከ ዛሬ ምን እንደለመደም አይነገረኝም። ለስጦታ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው፤ ተቀባዩ በስም የሚያውቀውን ግዙና ተገላገሉ። ይህን የምጽፈው ግን ለራሱ፣ ለመቅመስ ብሎ፣ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ለሚገዛ ሰው ነው። (የማይጠጣ ሰው ምንም አልቀረበትም፤ እንዲያውም ገንዘቡ ተርፎለታል።)

አቋሜ አጭር ነው። ጀማሪ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ጭስ አለው ወይስ የለውም? የቆየውስ በምን በርሜል ውስጥ ነው? ዋጋውና ጠርሙሱ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዕድሜ ከእነዚህ በኋላ ይደርሳሉ።

የአክስቴ ልጅ ለሥልጠና እዚህ በመጣ ጊዜ አንድ የመጠጥ ሱቅ ይዤው ገባሁ። ከወለል እስከ ጣሪያ ጠርሙስ ነው። መደርደሪያው ፊት ቆሞ ሲመለከት ቆየና አንዱን አነሣ።

«እትዬ፣ ይኸኛው 18 ዓመት ነው፤ ያኛው 12። ታዲያ ይኸ አይሻልም?»

ጠርሙሱን ተቀብዬ ወደ ቦታው መለስኩት። ገንዘቡ አሳዝኖኝ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ አሳዝኖኛል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ውስኪው በርሜል ውስጥ የቆየበትን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ጠርሙሱ ውስጥ ካለው ሁሉ የትንሹን ዕድሜ። የ30 ዓመት ውስኪ ላይ አንዲት ማንኪያ የ5 ዓመት ቢጨመርበት፣ ዕድሜ ልጻፍ ያለ አምራች 5 ብሎ ከመጻፍ ሌላ ምርጫ የለውም። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ አይበስልም፤ አባታችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ 20 ዓመት ያስቀመጡት የ12 ዓመት ውስኪ ዛሬም የ12 ዓመት ነው።

ስኮች ለመባል ሕጉ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። በ2009 የወጣው ደንብ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) እንደሚለው፣ መጠጡ ስኮትላንድ ውስጥ ተጠንስሶ እዚያው እንደ አረቄ የወጣ፣ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ እዚያው ቢያንስ 3 ዓመት የቆየ፣ ሲታሸግም የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ ያላነሰ መሆን አለበት። ከ3 ዓመት በላይ ያለው የአምራቹ ፈንታ ነው። ታዲያ የ18 ዓመቱ ለምን ይወደዳል? በርሜሉ ስለሚተነፍስ ነው። በየዓመቱ ወደ 2 በመቶ የሚሆነው በእንጨቱ በኩል ይተናል፤ ስኮቶቹ የመላእክት ድርሻ ይሉታል። በ18 ዓመት ወደ 30 በመቶ የሚጠጋው ሄዷል ማለት ነው። ለመላእክቱ የሚከፍለው ገዢው ነው። ቆይታው ብዙ ጊዜ ያለዝባል፤ ደካማ በርሜል ግን 18 ዓመት ቢይዘውም የሚሰጠው ነገር የለውም፤ ብርቱ በርሜል ውስጥ ደግሞ ከልክ በላይ የቆየ ውስኪ እንጨት እንጨት እያለ አፍ ያደርቃል። ገና ምላሱን እየፈታ ላለ ሰው ከ10 እስከ 12 ዓመት ያለው ከበቂ በላይ ነው።

ሌላው የሚያደናግረው ነገር «ሲንግል ሞልት» የሚለው ጽሑፍ ነው። ሲንግል ሞልት ማለት ከአንድ ፋብሪካ ብቻ የመጣ፣ ከገብስ ብቅል ብቻ የተጠነሰሰ፣ በመዳብ ማውጫ የወጣ ውስኪ ነው። ብሌንድ የሚባለው ደግሞ የተለያዩ ፋብሪካዎች የብቅል ውስኪ ከስንዴ ወይም ከበቆሎ ከሚወጣ ለስላሳ ውስኪ ጋር የተቀላቀለበት ነው። ይህ ለስላሳው ዓይነት በብዛት መመረት የጀመረው በአየርላንድ የቀረጥ ሹም የነበረው ኤንያስ ኮፊ ያለማቋረጥ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቶ በ1830 የባለቤትነት መብት ካገኘበት በኋላ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚሸጠው ስኮች አብዛኛው ብሌንድ ነው። ሲንግል ሞልትን ለብቻው በውጭ ገበያ ጠንክሮ መሸጥ የጀመረው ግሌንፊዲክ ሲሆን፣ ጊዜውም 1963 ነው። ብሌንድ ማለት ተራ፣ ሲንግል ሞልት ማለት የጌታ የሚለው አስተሳሰብ እንግዲህ ያን ያህል የቆየ አይደለም። እኔም አልቀበለውም።

ከግላስጎው ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርዶ ኪልማርኖክ የምትባል ከተማ አለች። ጆን ዎከር የሚባል ወጣት (ጆኒ ዎከር የምንለው) በ1820 ግሮሰሪ የከፈተው እዚያ ነው። ልጁና የልጅ ልጆቹ ንግዱን አስፋፉት፤ ባለ አራት ማዕዘኑ ጠርሙስና ዘመም ብሎ የሚለጠፈው ወረቀት የመጡት በልጁ ዘመን ነው፤ ሬድ ሌብልና ብላክ ሌብል የሚሉት ስሞች ደግሞ በ1909። ኪልማርኖክ የነበረው ማሸጊያ በ2012 ተዘግቷል፤ የከተማዋ ሰዎች ዛሬም ይህን ሲያነሡ ፊታቸው ይጠቁራል። የግሮሰሪው ባለቤት ስም ግን አዲስ አበባ ላይ ከብዙ የአገር መሪ ስም ይልቅ ይታወቃል። ሠርግ ላይ የክብር ጠረጴዛው መሐል የሚቆመው፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ በልብስ ተጠቅልሎ የሚገባው እሱ ነው።

አንድ ሐበሻ ከየት ልጀምር ቢለኝ እንግዲህ የምመልሰው ሰው የማይጠብቀውን ነው፦ ቤት ካለው ብላክ ሌብል። ውስጡ ያለው ሁሉ ቢያንስ 12 ዓመት የቆየ ነው፤ ጣፋጭነቱም ፍሬ ፍሬ ማለቱም አለ፤ ከበስተጀርባው ደግሞ ቀጭን ጭስ ይመጣል። ይህን ሁሉ የማናውቀው በኮካ ኮላ አጥለቅልቀን ወይም በረዶ ሞልተን ስለምንጠጣው ነው። ሰው በማይበዛበት ምሽት በትንሽ ብርጭቆ ግማሽ መለኪያ ቅዱና ቀስ ብላችሁ ሞክሩት። ጭሱን ፈልጉ። ጭሱ ከተመቻችሁ ቀጣዩ ጠርሙስ ወደ አንድ አቅጣጫ ይወስዳችኋል፤ ካልተመቻችሁ ወደ ሌላው። ምንም አዲስ ነገር ሳትገዙ ከሁለቱ ጥያቄዎች አንዱ ተመለሰ።

ጭሱ ከየት እንደሚመጣ ለማየት አይላ ወደምትባለው ደሴት መሻገር ይገባል። ከኬናክሬግ የሚነሣው መርከብ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜም ነፋስ ነው። ፖርት ኤለን ከምትባለው ወደብ ወጥቶ በባሕሩ ዳር በእግር ለሚሄድ ሰው ላፍሮይግ፣ ላጋቩሊንና አርድቤግ ተከታትለው ይገኛሉ፤ ነጭ ግድግዳ፣ ግድግዳው ላይ በትልልቅ ጥቁር ፊደል ስማቸው። ላፍሮይግ ከሚጠቀምበት ብቅል የተወሰነውን ዛሬም ራሱ ወለል ላይ ያበቅላል። ስለ ብቅል ለእኛ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ገብሱ ይነከራል፣ ወለል ላይ ይሰጣል፣ እንዳይያያዝ ይገላበጣል፣ ሥር ማውጣት ሲጀምር ይደርቃል። ልዩነቱ ማድረቂያው ላይ ነው። አይላ ዛፍ ብዙም የላት፣ ፀሐይዋም አይታመንም። ያላት ረግረግ ነው፤ በረግረጉ ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተከማቸ፣ በግማሽ የበሰበሰ ሣርና የረግረግ ተክል። ይህን ፒት ይሉታል። እንደ ጡብ ቆርጠው ያደርቁታል፣ ከዚያ ከእርጥቡ ብቅል በታች ያነዱታል። ጭሱ በተበሳው ወለል አልፎ ብቅሉ ውስጥ ይገባል።

ከማድረቂያው የወጣውን ብቅል ጥቂት ፍሬ በመዳፌ ሰጡኝ። ስቆረጥመው መጀመሪያ የመጣው የምናውቀው የብቅል ጣዕም ነው፤ ጣፈጥ፣ ደረቅ፣ ዱቄት ዱቄት። ከዋጥኩት በኋላ ግን ጭሱ ከጉሮሮዬ ተመልሶ ወደ አፍንጫዬ ወጣ፤ እስክንወጣም ድረስ አልለቀቀኝም። ጥንካሬውን ብቅሉ ላይ ይለኩታል፤ የላፍሮይግ ከሚሊዮን 40 እጅ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ፣ የአርድቤግ ወደ 55 እጅ የጭስ ውህድ አለው። ሲወጣና በርሜል ውስጥ ሲቆይ መጠኑ በጣም ስለሚወርድ ቁጥሩን ለንጽጽር ብቻ መውሰድ ነው። የሚገርመው፣ አውሮፓውያኑ ብዙ ጊዜ የሚንገሸገሹበት ይህ ጭስ ለእኛ ሰው ያን ያህል ባዕድ አይመስለኝም። በወይራ የታጠነ ጋን ጠላ የጠጣ ሰው ጭስ ከእህል ጋር ምን እንደሚሆን ያውቃል። ባዕድ የሚሆነው ጭሱን ተከትሎ የሚመጣው የአዮዲንና የባሕር አረም ሽታ ነው።

የአክስቴን ልጅ እዚሁ ከተማ፣ ሆፕ ጎዳና ላይ ያለው ፖት ስቲል የተባለ መጠጥ ቤት ወስጄው ነበር። ግድግዳው ሙሉ ውስኪ ነው፤ ላይኛውን ጠርሙስ የሚያወርዱት መሰላል ላይ ወጥተው ነው። ላፍሮይግ 10 አስቀዳሁለት። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ወዲያው መለሰው።

«እትዬ፣ ይኸ መጠጥ ነው ወይስ የቁስል መድኃኒት?»

ጠርሙስ ሙሉ ገዝቶ ቢሆን ኖሮ የት ይደርስ ነበር? ለዚህ ነው ከአይላ ደቡብ ዳርቻ የሚመጡትን ጀማሪ በመለኪያ እንጂ በጠርሙስ አይጀምራቸው የምለው። አንዳንድ ሰው በመጀመሪያው ጉንጭ ይወዳቸውና ሌላውን ሁሉ ይረሳል፤ እንደዚያ ያሉ ሁለት ጓደኞች አሉኝ፣ ስለ ሌላ ውስኪ ማውራት ከነሱ ጋር አይቻልም። አብዛኛው ሰው ግን ጊዜ ይፈልጋል። መሐል ላይ ያሉም አሉ፦ ከኦርክኒ ደሴቶች ሀይላንድ ፓርክ 12፣ ጭሱ ለስለስ ብሎ ማር ማር የሚል፤ ከስካይ ደሴት ታሊስከር 10፣ ጨው ጨው የሚልና መጨረሻው ላይ እንደ ቁንዶ በርበሬ የሚያቃጥል። የታሊስከር አልኮል 45.8 በመቶ ስለሆነ ጠብታ ውሃ ይፈልጋል።

ወደ በርሜሉ ልመለስ፤ ሁለተኛው ጥያቄ እሱ ነውና። ከመዳብ ማውጫው የሚወርደው ፈሳሽ እንደ ውሃ የጠራ ነው። ቀለሙንም ጣዕሙንም በትልቁ የሚያገኘው ከእንጨቱ ነው። በርሜሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በፊት ሌላ መጠጥ ይዘው የነበሩ ናቸው። የአሜሪካ ሕግ በርበን የሚባለው የአገሩ ውስኪ በአዲስና ውስጡ በእሳት በተለበለበ የኦክ ዕቃ ውስጥ እንዲቆይ ያስገድዳል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ያገለገለው በርሜል ለበርበን አይመለስም፣ ለስኮትላንድ ይሸጣል። እንዲህ ያለ በርሜል ቫኒላ፣ ማር፣ አንዳንዴም ኮኮናት የሚል ውስኪ ይሰጣል። ሌላው ከስፔን፣ ከሄሬዝ አካባቢ የሚመጣው የሼሪ፣ ማለትም የዚያ አካባቢ ጠንካራ ወይን፣ በርሜል ነው። ድሮ ሼሪ ወደ ብሪታንያ በበርሜል ይጫን ስለነበር ባዶው እዚሁ ይቀር ነበር፤ ዛሬ ሼሪው እዚያው ታሽጎ ስለሚወጣ፣ በርሜሉ ለውስኪ ተብሎ በትእዛዝ ይሠራና ለተወሰነ ጊዜ ሼሪ ይሞላበታል። ውድ የሆነውም ለዚህ ነው። ከሼሪ በርሜል የሚወጣው ውስኪ ዘቢብ፣ ቴምር፣ ቅርንፉድ፣ የብርቱካን ልጣጭ ያስታውሳል። የበዓል ሰሞን ውስኪ ነው።

ታዲያ ጠቆር ያለው ሁሉ የሼሪ በርሜል ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ሕጉ ቀለሙን ለማመሳሰል የተቃጠለ ስኳር መጨመር ይፈቅዳል፤ ብዙዎቹም ይጨምራሉ። ጽሑፉን ማንበብ ይሻላል። «በርበን» ወይም «ሼሪ» የሚለው ቃል ከፊት ባይኖር ብዙ ጊዜ ከጀርባ ይኖራል።

ጭሱ ላልተመቸው ሰው የምጠቁማቸው ጠርሙሶች ብርቅ አይደሉም፤ ብርቅ ነገር ለጀማሪ አይጠቅምም፣ ሲያልቅ መልሶ ማግኘት አይቻልምና። ከስፔይ ወንዝ አካባቢ ግሌንፊዲክ 12 እና ግሌንሊቬት 12 አሉ፤ ፒር የሚባለውን ፍሬና ፖምን የሚያስታውሱ፣ ማንንም የማያስቀይሙ። ማንንም አለማስቀየማቸው ይሰለቻል የሚሉ አሉ፤ ለመጀመሪያ ጠርሙስ ግን ጥሩ ጠባይ ነው። ግሌንሞራንጂ ማውጫዎቹ በስኮትላንድ ረጃጅሞቹ ናቸው፤ አንገታቸው ከ5 ሜትር ያልፋል፣ ከባዱ እንፋሎት ጫፉ ሳይደርስ ተመልሶ ስለሚወርድ የሚያልፈው ቀለል ያለው ነው። ግላስጎው ጥግ ያለው ኦከንቶሸን ሌሎቹ ሁለት ጊዜ የሚያወጡትን ሦስት ጊዜ ስለሚያወጣ ይለሰልሳል። ሁለቱን በርሜሎች በአንድ ጠርሙስ ማወቅ የሚፈልግ ባልቬኒ ደብልውድ 12 ይያዝ፤ በርበን በርሜል ውስጥ ቆይቶ በሼሪ በርሜል የሚጨረስ ነው። ሼሪውን በግልጽ የሚፈልግ ደግሞ ግሌንድሮናክ 12።

የአክስቴ ልጅ የገዛው ባልቬኒውን ነው። መጠጥ ቤቱ ውስጥ ከላፍሮይጉ በኋላ አስቀምሼው «ይኸኛው ማር ተጨምሮበታል እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል። አልተጨመረበትም፤ ስኮች ውስጥ ከውሃና ከዚያ ቀለም በቀር ምንም መጨመር አይፈቀድም። ሐሳቡን የቀየረው የእኔ ስብከት አይደለም፤ ሁለት ትንንሽ ብርጭቆዎች ጎን ለጎን ናቸው። እዚህ አገር መጠጥ ቤት የሚቀዳው 25 ወይም 35 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሁለት ሰው ሦስት ዓይነት ተካፍሎ ቀምሶ በሰላም ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል። ይህ ለማይመቸው ደግሞ 5 ሴንቲ ሊትር የምትይዝ ትንሽ ጠርሙስ ትሸጣለች። አንድ ትልቅ ጠርሙስ ከመግዛት በፊት ሦስት ትንንሽ መግዛት ብልህነት ነው።

ስኮትላንድ ለሚመጣ እንግዳ ሁለት ነገር ልጨምር። ሱቅ አልኮል የሚሸጠው ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ብቻ ነው፤ በሌሊት በረራ የሚሄድ ሰው ቀድሞ ያስብበት። ዋጋውም ወለል አለው። ከመስከረም 2024 መጨረሻ ጀምሮ አንድ የአልኮል መለኪያ አሃድ (10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል) ከ65 ሳንቲም በታች መሸጥ አይቻልም፤ 70 ሴንቲ ሊትር የሚይዝ ባለ 40 በመቶ ጠርሙስ 28 አሃድ ስላለው፣ ከ18 ፓውንድ ከ20 በታች የሚሸጥላችሁ ሱቅ የለም። የአውሮፕላን ማረፊያው ሱቅ ደግሞ የግድ ርካሽ አይደለም። እዚያ የሚሸጡት አንዳንዶቹ ለመንገደኛ ተብለው የተዘጋጁ፣ ዕድሜያቸው ያልተጻፈ፣ ስማቸው የሚያምር ናቸው። ሁሉም መጥፎ አይደሉም፤ ከተማ ውስጥ ያለውን ዋጋ ሳታዩ ግን አትግዙ።

አጠጣጡ ላይ ብዙ ሥርዓት ፈጥረውበታል፤ አብዛኛው ለታይታ ነው። አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ሽታውን ይሰበስባል፤ ከሌለ የወይን ብርጭቆ ይበቃል። አፍንጫችሁን ብርጭቆው ውስጥ አትክተቱ፣ አልኮሉ ያደነዝዘዋል፤ አፋችሁን ከፈት አድርጋችሁ ከራቅ ብላችሁ አሽትቱ። በመጀመሪያው ጉንጭ አትፍረዱ፤ እሱ ምላስን ማላመጃ ነው። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ውሃ። ውሃ መጨመር ነውር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ስኮቶቹ ራሳቸው ግን የውሃ ማንቆርቆሪያ ጎን ያስቀምጣሉ። በ2017 ስዊድን የሚገኘው የሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በኮምፒውተር አስልተው እንዳሳዩት፣ ጭስ ጭስ የሚለው ጓያኮል የተባለ ውህድ አልኮሉ ሲቀጥን ወደ ፈሳሹ ገጽ ይወጣል፤ አልኮሉ ሲበዛ ግን ውስጥ ተከቦ ይቀራል። አፍንጫ የሚያገኘው ገጽ ላይ ያለውን ነው።

አምቦ ውሃስ? ብሌንድ ከሆነ ደስ ይለዋል፤ በሙቀት ቀን እኔም የምጠጣው እንደዚያ ነው። ዘመዶቼ ይህን ስናገር ይገረማሉ፤ ግላስጎው ኖራ አምቦ ትቀላቅላለች ብለው።

ጠርሙሱ ቤት ከገባ በኋላ ቆሞ ይቀመጥ። ወይን አይደለም፣ አይተኛም፤ ከተኛ ጠንካራው አልኮል ቡሹን ይበላዋል። ፀሐይ እንዳያገኘው አድርጉ። ከተከፈተም በኋላ ብዙ እስካለው ድረስ ለወራት ያህል እምብዛም አይለወጥም፤ ሩብ ያህል ሲቀረው ግን ውስጡ ያለው አየር ስለሚበዛ ሽታው እየደከመ ይሄዳል። መጻሕፍቱ ያኔ ወደ ትንሽ ጠርሙስ ገልብጡት ይላሉ። እኔ በበኩሌ ሐበሻ ቤት ውስጥ ውስኪ አየር በልቶት ተበላሸ ሲባል እስካሁን አልሰማሁም።